ስንት ሰው እንጠይቅ? የገበያ ጥናት ናሙናና ተለዋዋጮች

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ዝግ ይላል)

የገበያ ጥናት ትምህርታዊ ዝግጅታችንን ይዘን ቀርበናል። በዛሬው ክፍል ሁለት ተያያዥ ጉዳዮችን እናያለን። የመጀመሪያው፣ በአንድ የገበያ ጥናት ውስጥ ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚወሰንበት መንገድ ነው። ሁለተኛው፣ በመጠይቁ የምንለካቸውን ነገሮች፣ በጥናት ቋንቋ ተለዋዋጮች የምንላቸውን፣ ለይቶ የመግለጽ ሥራ ነው። ስሌት ስላለን ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ቁጥሮቹን ቀስ ብለን እንናገራለን፤ የሚደገመውንም እንደግማለን።

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎችም ሆኑ አዲስ ምርት ይዘው ገበያ ለመግባት የሚያስቡ ነጋዴዎች ገና ከመጀመሪያው የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ "ስንት ሰው ልጠይቅ?" ይላሉ። መልሱም ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፤ 384 ወይም 400። ይህ ቁጥር ከአንዱ ፕሮፖዛል ወደ ሌላው እየተገለበጠ ሲሄድ ከየት እንደመጣና ለምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚሠራ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የዛሬው ትምህርታችን ማጠንጠኛ ይህ ነው፦ የናሙና መጠን የሚወለደው ከምንለካው ነገርና ከምንወስነው ውሳኔ ነው። ስለዚህ ተለዋዋጩ ይቀድማል፤ ቁጥሩ ይከተለዋል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ጥናት ገንዘብም ጊዜም ያስወጣል፤ ባለቤቱን ግን አያስተምርም።

ነገሩ በተግባር እንዲታየን አንድ ምሳሌ ይዘን እንጓዝ። አዲስ አበባ ውስጥ በላስቲክ የታሸገ የግማሽ ሊትር ወተት ለገበያ ሊያቀርብ ያሰበ አንድ ድርጅት አለ እንበል። ወተቱን ከሱሉልታ፣ ከሆለታና ከሰንዳፋ አርቢዎች ይሰበስባል። ማወቅ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ከከተማዋ ቤተሰቦች ምን ያህሉ የታሸገ ወተት ይገዛሉ? የሚገዙትስ በሳምንት ስንት ሊትር ይወስዳሉ? በመልሱ መሠረት የማሽን ዐቅም ይመርጣል፤ ከአርቢዎቹ ጋር ውል ይፈራረማል፤ ከባንክ ይበደራል። ግምቱ ከተሳሳተ ወተት ይደፋል፤ አርቢው ገበያ ያጣል፤ ብድሩም ይከመራል። የጥናቱ ጥራት የሰው እንጀራ ጉዳይ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከተለዋዋጩ እንጀምር። ተለዋዋጭ ማለት ከአንዱ ተጠያቂ ወደ ሌላው የሚለያይ ማንኛውም የሚለካ ነገር ነው። ዕድሜ፣ ገቢ፣ የልጆች ብዛት፣ የሚመርጡት የወተት ዓይነት፣ በዋጋው ያላቸው እርካታ፣ ሁሉም ተለዋዋጮች ናቸው። ልናብራራው የምንፈልገውን ጥገኛ ተለዋዋጭ እንለዋለን፤ በምሳሌያችን በሳምንት የሚገዛው የወተት መጠን ነው። ያብራራዋል ብለን የምንጠረጥረውን ደግሞ ነፃ ተለዋዋጭ እንለዋለን፤ የቤተሰቡ ገቢ፣ ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ብዛት፣ የሃይማኖት ሥርዓት፣ የሱቁ ቅርበት የመሳሰሉት።

ተለዋዋጭን መግለጽ ስሙን መጥራት ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ አምስት ጥያቄ እንመልስለታለን። ማንን ይመለከታል? ምን ማለት ነው? በየትኛው ጊዜ? በምን መስፈሪያ? የመለኪያው ዓይነትስ የትኛው ነው? እነዚህን አንድ በአንድ እንያቸው።

ማንን ይመለከታል ስንል፣ የምንለካው ሰው ነው ወይስ ቤተሰብ? ወተት የሚገዛው ለቤተሰብ ስለሆነ መለኪያችን ቤተሰብ ይሆናል። ታዲያ ቤተሰብ ማን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቤት ቁጥር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ አከራዩና ሦስት አራት ተከራዮች ሊኖሩ ይችላሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ያበስላል፤ ለብቻው ይሸምታል። ስለዚህ "አንድ ላይ የሚኖሩና ከአንድ ማዕድ የሚመገቡ" የሚል ትርጉም ካልሰጠን አንዱ መረጃ ሰብሳቢ ግቢውን እንዳለ አንድ ቤተሰብ አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ሌላው አራት ይለዋል። ቤት ውስጥ አብራ የምትኖረው ሠራተኛ ትቆጠራለች ወይስ አትቆጠርም? ይህም አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን አለበት።

ምን ማለት ነው የሚለው ደግሞ የወተቱን ነገር ይመለከታል። "ወተት ትገዛላችሁ?" ብለን ብንጠይቅ አንዷ እናት ላም ካለው ጎረቤት በየማለዳው የምትቀዳውን ታስባለች፤ ሌላዋ የዱቄት ወተቱን፤ ሦስተኛዋ ከሱቅ የምታመጣውን የታሸገ ወተት። ሦስቱም "አዎ" ይላሉ፤ ሦስቱም የተናገሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። መጠይቁ ሦስቱን ለየብቻ መጠየቅ አለበት።

በየትኛው ጊዜ የሚለው ጥያቄ በአገራችን ልዩ ክብደት አለው። "ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ሊትር ወተት ገዛችሁ?" የሚለው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ይመስላል። መጠይቁ በዐቢይ ጾም ውስጥ ከተሞላ ግን ከብዙ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ቤት የሚመጣው መልስ ዜሮ ወይም ለሕፃናት የተገዛች ጥቂት ወተት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በሌላ ጊዜም ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም ፍስክ ናቸው፤ በዚያን ወቅት የተሰበሰበ መረጃ ፍጆታውን ከዓመቱ አማካይ በላይ አድርጎ ያሳያል። ረመዳን ሲገባም የሙስሊም ቤተሰቦች የምግብ ሰዓትና የግዢ ልማድ ይለወጣል። በአንድ ሳምንት የተገኘውን ቁጥር በ52 አባዝቶ የዓመት ፍላጎት ነው ማለት ትልቅ ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው። መፍትሔው "በፍስክ ሳምንት" እና "በጾም ሳምንት" ብሎ ሁለት ተለዋዋጭ መክፈት፣ ከተቻለም መረጃውን በሁለት የተለያዩ ወቅቶች መሰብሰብ ነው።

በምን መስፈሪያ? ሰው ፍጆታውን በሊትር ቆጥሮ አያስቀምጥም። በላስቲክ፣ በብርጭቆ፣ በጠርሙስ፣ በብር ይነግረናል። መረጃ ሰብሳቢው በተባለው መስፈሪያ ይመዝግብ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ሊትር ይመንዘር። የብርጭቆው ልክ ከቤት ቤት ስለሚለያይ አንድ ወጥ ማሳያ ብርጭቆ ይዞ መሄድ ይረዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

አምስተኛው ጥያቄ የመለኪያው ዓይነት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤስ. ኤስ. ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ መለኪያዎችን በአራት ከፍሏቸዋል፤ ክፍፍሉ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤቶች ይሠራበታል።

የመጀመሪያው ስያሜያዊ መለኪያ ነው። ክፍለ ከተማ፣ ጾታ፣ የወተቱ የንግድ ስም የመሳሰሉት እዚህ ይገባሉ። ለቦሌ 1፣ ለየካ 2፣ ለጉለሌ 3 ብለን ኮድ ልንሰጥ እንችላለን፤ ቁጥሩ መለያ ብቻ ስለሆነ አማካዩን ማስላት ትርጉም የለውም። ስንት ሰው በየምድቡ እንዳለ እንቆጥራለን፤ በመቶኛ እንገልጻለን።

ሁለተኛው የቅደም ተከተል መለኪያ ነው። ጤፍን አስቡ፦ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ። በገበያ ዋጋ ማን ከማን እንደሚበልጥ እናውቃለን፤ በማኛና በነጭ መካከል ያለው ርቀት በነጭና በሰርገኛ መካከል ካለው ጋር እኩል ነው ማለት ግን አንችልም። ሬንሲስ ላይከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ያስተዋወቀው ከ"በጣም እስማማለሁ" እስከ "በጣም አልስማማም" የሚደርሰው ባለ አምስት ደረጃ መልስም በመሠረቱ እዚህ ይመደባል። ለእንዲህ ዓይነት መልስ መካከለኛውን፣ ማለትም ሜዲያኑን፣ እንዲሁም በየደረጃው የመለሱትን ሰዎች መቶኛ ማቅረብ ከሁሉ ይመረጣል።

ሦስተኛው የእኩል ርቀት መለኪያ ነው። ዓመተ ምሕረት ምሳሌው ነው። ከ2000 እስከ 2005 ያለው ርቀት ከ2005 እስከ 2010 ካለው ጋር እኩል ነው፤ ነገር ግን 2000 ዓ.ም. የ1000 ዓ.ም. እጥፍ ነው አይባልም፤ የቆጠራው መነሻ የጊዜ ባዶነት አይደለምና።

አራተኛው የምጥጥን መለኪያ ነው። ሊትር፣ ብር፣ የልጆች ብዛት። ዜሮው እውነተኛ ባዶ ነው፤ አራት ሊትር የሁለት ሊትር እጥፍ ነው። አማካይም፣ መልሶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየው መደበኛ ልይይትም ይሰላለታል።

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለን። ገቢን ወይም ዕድሜን በምድብ የምትጠይቁ ከሆነ ምድቦቹ አይደራረቡ። "ከ5,000 እስከ 10,000" እና "ከ10,000 እስከ 15,000" ብላችሁ ከጻፋችሁ ልክ 10,000 ብር የሚያገኘው ሰው የት ይግባ? "ከ5,000 እስከ 9,999" ብላችሁ ዝጉት። ገቢውን በግልጽ መናገር የማይወድ ብዙ ሰው ስላለም የቤት ኪራይ፣ የማቀዝቀዣና የመኪና መኖርን የመሳሰሉ አመልካቾችን በተጨማሪ ጠይቁ። ማቀዝቀዣ ለወተት ጥናት በራሱ ቁልፍ ተለዋዋጭ ነው፤ የሌለው ቤት የሚገዛው ለዕለት የሚበቃውን ነውና።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሻገር። የናሙና መጠን ለማስላት ሦስት ነገር መወሰን አለብን።

አንደኛው የእርግጠኝነት ደረጃ ነው። በገበያ ጥናት የተለመደው 95 በመቶ ነው። ጥናቱን በተመሳሳይ መንገድ መቶ ጊዜ ብንደጋግመው በ95ቱ ገደማ የምናወጣው ክልል እውነተኛውን ቁጥር ያቅፋል ማለት ነው። ይህ ደረጃ ለስሌቱ የሚሰጠን ቁጥር 1.96 ነው።

ሁለተኛው የስሕተት ህዳግ ነው፤ ከእውነቱ ስንት ነጥብ ብንርቅ ውሳኔያችን አይበላሽም? ብለን የምንጠይቅበት። የተለመደው 5 በመቶ ቢሆንም ይህን የሚወስነው የድርጅቱ ባለቤት እንጂ የስታትስቲክስ መጽሐፍ አይደለም።

ሦስተኛው የሕዝቡ መለያየት ነው። ሁሉም ቤተሰብ አንድ ዓይነት ቢሆን አንዱን መጠየቅ በበቃ ነበር። "ይገዛሉ ወይስ አይገዙም" ለሚል ጥያቄ መለያየቱ ከፍተኛ የሚሆነው ግማሹ ሲገዛ ግማሹ ሳይገዛ ነው። ቀድሞ የሚታወቅ ነገር ከሌለ 0.5 የምንወስደው ለጥንቃቄ ነው።

ስሌቱን ጻፉ። 1.96ን በራሱ አባዙ፤ 3.8416 ይሆናል። ይህን በ0.5፣ ከዚያም እንደገና በ0.5 አባዙ፤ 0.9604 ይመጣል። አሁን የስሕተት ህዳጉን 0.05ን በራሱ አባዙ፤ 0.0025 ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። ውጤቱ 384.16 ነው። ግማሽ ሰው ስለማይጠየቅ ወደ ላይ አስጠግተን 385 እንለዋለን። የታወቀው 384 የመጣው ከዚህ ነው፤ ቀመሩም በዊልያም ኮክራን ስም ይታወቃል።

አሁን የስሕተት ህዳጉን ከ5 ወደ 2.5 በመቶ እናውርደው። ስሕተቱ በግማሽ ስለቀነሰ ናሙናው እጥፍ የሚሆን ይመስላል፤ የሚመጣው ግን 1,537 ነው፤ አራት እጥፍ! ህዳጉ 3 በመቶ ቢሆን 1,068 ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዷ የትክክለኛነት ነጥብ ዋጋ አላት። ያ ትክክለኛነት ውሳኔያችሁን ይለውጠው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የማይለውጠው ከሆነ ገንዘቡን ለመረጃ ሰብሳቢዎች ሥልጠና አውሉት።

ሁለተኛው የድርጅቱ ጥያቄ ግን "አዎ" ወይም "አይደለም" የሚል አልነበረም፤ ስንት ሊትር የሚል ነው። ይህ የምጥጥን መለኪያ ነው፤ የሚጠይቀውም ሌላ ስሌት ነው። 1.96ን በመደበኛ ልይይቱ አባዝተን፣ በሊትር ለተገለጸው የስሕተት ህዳግ አካፍለን፣ ውጤቱን በራሱ እናባዛለን። ከትንሽ የሙከራ ጥናት መደበኛ ልይይቱ 1.5 ሊትር ሆኖ አገኘነው እንበል። በ0.2 ሊትር ስሕተት ብንስማማ 217 ቤተሰብ ይበቃል፤ 0.1 ሊትር ካልን 865 ያስፈልጋል። አያችሁ? አንድ ጥናት፣ አንድ ከተማ፣ ግን ተለዋዋጩና ህዳጉ ሲለወጥ ቁጥሩ ከ217 እስከ 865 ይሄዳል። ጥናቱ ብዙ ቁልፍ ተለዋዋጮች ካሉት ለእያንዳንዳቸው አስልታችሁ ትልቁን ትወስዳላችሁ።

ብዙ ተማሪዎች የሚጠይቁን ሌላ ነገር አለ፦ "የጥናቱ ሕዝብ ትልቅ ሲሆን ናሙናውም ያድጋል ወይ?" መልሱ፣ እስከ ተወሰነ ደረጃ ብቻ። ድርጅቱ ወተቱን የሚያከፋፍልባቸው 800 ሱቆች ቢኖሩና ጥናቱ ስለእነርሱ ብቻ ቢሆን 385ቱ ተስተካክሎ 261 ይሆናል። ሕዝቡ 100 ሺህ ሲሆን 384፣ አሥር ሚሊዮን ሲሆን 385 ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በስፋት የሚጠቀሰው የታሮ ያማኔ ቀመርም የዚሁ ዘመድ ነው፦ የሕዝቡን ብዛት፣ የሕዝቡ ብዛት በህዳጉ ካሬ ተባዝቶ አንድ ሲጨመርበት ለሚገኘው ቁጥር ታካፍላላችሁ። ለ800 ሱቆች 267 ይሰጣል። ያማኔ 1.96ን ወደ 2 ስለሚያስጠጋ ከፍ ይላል፤ ለትልቅ ሕዝብም ወደ 400 ይደርሳል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ይህ ቀመር የተዘጋጀው ለመቶኛ ነው። አማካይ ለሚለካ ወይም የብዙ ተለዋዋጮችን ግንኙነት ለሚመረምር ጥናት ሌላ ስሌት ያስፈልጋል።

ቁጥሩን ከፍ የሚያደርጉ ሦስት ተጨማሪ ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው ማወዳደር ነው። 385 ቤተሰቦችን በአራት የገቢ ምድብ ብትከፍሏቸው በየምድቡ 96 ያህል ይቀራሉ። በ96 ቤተሰብ ላይ የስሕተት ህዳጉ 10 በመቶ ነው። "ሀብታሙ ከድሀው በ8 ነጥብ ይበልጣል" ብትሉ ልዩነቱ የዕጣ ውጤት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ 16,650 ቤተሰቦችን ያነጋገረው ለዚህ ነው። ለአገሪቱ ጠቅላላ ግምት ብቻ ቢሆን ያን ያህል ባልተፈለገ ነበር፤ ለየክልሉ ራሱን የቻለ ግምት መስጠት ስለነበረበት ቁጥሩ አደገ። እናንተም ለየክፍለ ከተማው የተለየ መልስ ከፈለጋችሁ ለየክፍለ ከተማው የሚበቃ ናሙና መድቡ።

ሁለተኛው የጎረቤት መመሳሰል ነው። ወጪ ለመቀነስ ጥቂት ሰፈሮችን መርጠን ከየሰፈሩ አሥር ቤተሰብ እንጠይቃለን። የአንድ ሰፈር ሰዎች ግን ከአንድ ሱቅ ይገዛሉ፤ ኑሯቸውም ይቀራረባል። አሥረኛው ጎረቤት የሚነግረን አዲስ ነገር ጥቂት ነው። ይህን የሚያካክስ ማባዣ አለ። የመመሳሰሉ ልክ 0.05 ነው ብንል፣ ከአሥር አንድ ቀንሰን ዘጠኙን በ0.05 እናባዛለን፤ 0.45 ይሆናል፤ አንድ እንጨምርበታለን፤ 1.45። ስለዚህ 385 በ1.45 ሲባዛ 559 ቤተሰብ ይሆናል።

ሦስተኛው መልስ የማይሰጡ ሰዎች ናቸው። ዘበኛው በሩን አይከፍትም፤ ባልና ሚስት ሥራ ውለው ማታ ይገባሉ። ከመቶ አሥሩ አይገኙም ብለን ብንገምት 559ን ለ0.9 እናካፍላለን፤ 622 ቤተሰብ መርጠን መነሣት አለብን ማለት ነው። እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያሻል። ያልተገኘውን ቤት በቀላሉ በጎረቤቱ መተካት ጥናቱን ያዛባል። ቀን ቀን ቤት የሚገኙት ጡረተኞች፣ የቤት እመቤቶችና ሥራ ያጡ ወጣቶች ይሆናሉና። በማታና በቅዳሜ ተመልሶ መሞከር የግድ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ውድ አድማጮቻችን፣ እስካሁን ያሰላነው ስንት የሚለውን ነው። እነማን የሚለው ደግሞ ከዚያ አያንስም። በእህል በረንዳ ጤፍ የሚገዛ ልምድ ያለው ነጋዴ የጆንያውን አፍ ብቻ ዐይቶ አይገዛም። ከላይ ያለው ንጹሕ ሆኖ ከሥር ሊደባለቅ እንደሚችል ያውቃል፤ ስለዚህ ጆንያውን ከጎንም ከሥርም ወጋ አድርጎ በመዳፉ ላይ ዘርግቶ ያየዋል። ከአፉ ብቻ አሥር እፍኝ ቢዘግንም ያው የላዩን ነው የሚያውቀው። የናሙና አመራረጥ ሕግ ይኸው ነው፤ ሁሉም ክፍል የመመረጥ ዕድል ሊኖረው ይገባል።

ይህን በብዙ ዋጋ ያስተማረው የአሜሪካው መጽሔት ሊተራሪ ዳይጀስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ለፕሬዚዳንታዊው ምርጫ አሥር ሚሊዮን ያህል መጠይቅ በፖስታ ላከ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ አገኘ። እጩው ላንደን ያሸንፋል አለ። ያሸነፈው ግን ተፎካካሪው ሩዝቬልት ነበር፤ ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። ስም ዝርዝሩ ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ የተወሰደ ስለነበር ወደ ባለጸጋው ያዘነበለ ነበር፤ መልሰው የላኩትም ካልላኩት ይለዩ ነበር። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሉፕ ግን እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተነበየ።

ናሙና በዝቶ፣ ተለዋዋጩ ግን ጎድሎ የወደቀ ጥናትም አለ። ኮካ ኮላ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 የመጠጡን ቀመር ከመለወጡ በፊት ወደ 200 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ የጣዕም ሙከራ አድርጓል። ብዙዎቹ አዲሱን መረጡ። ኤፕሪል 23 ቀን አዲሱ ይፋ ሆነ፤ የሕዝቡ ቁጣ ግን ነደደ፤ ጁላይ 11 ቀን ኩባንያው የቀድሞውን እንደሚመልስ አስታወቀ። ሙከራው የአንድ ጉንጭ ጣዕምን ለክቷል፤ ሰው ከለመደው መጠጥ ጋር ያለውን ቁርኝት ግን በሚገባው ክብደት አልለካም። 200 ሺህ ሰው ያልተለካን ተለዋዋጭ ሊተካ አይችልም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከባዱ ነገር የመነሻ ዝርዝር ማግኘት ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም መንደሮች ሰፍታለች፤ ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል። ስለዚህ የቆየ የቤት ዝርዝር ይዞ መውጣት አዳዲሶቹን መንደሮች ያስቀራል። የሚበጀው ሰፈሮቹን በዕጣ መርጦ፣ በተመረጠው ሰፈር ውስጥ ተከራዮችን ጨምሮ ቤተሰቦችን በአዲስ መልክ መዝግቦ፣ ከዚያ ዝርዝር በዕጣ መምረጥ ነው።

በዚህ ዘመን መጠይቅን በቴሌግራም ለቅቆ "ሁለት ሺህ ሰው ሞላልኝ" ማለት ቀሏል። ለመነሻ ሐሳብ ማሰባሰቢያ ይጠቅማል። ነገር ግን መልስ የሰጡት ፈቃደኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ ስማርት ስልክ የያዙ ወጣቶች ይሆናሉ። ለእንዲህ ዓይነት መረጃ "የስሕተት ህዳጉ 2 በመቶ ነው" ብሎ መጻፍ ተገቢ አይደለም፤ ያ ስሌት የሚሠራው በዕጣ ለተመረጠ ናሙና ነው።

መረጃው ተሰብስቦ ሲመጣ ደግሞ በአግባቡ እንግለጸው። ሰባት ቤተሰቦች በሳምንት የገዙት በሊትር 0፣ 1፣ 1፣ 1.5፣ 2፣ 2 እና 10 ቢሆን፣ አማካዩ 2.5 ሊትር ነው። ከሰባቱ ግን ስድስቱ ከዚህ በታች ናቸው። አሥር ሊትር የገዛው ምናልባት በጓሮው ሻይ ቤት ያለው ነው። መካከለኛው 1.5 ሊትር ነው፤ የተለመደውን ቤተሰብ የሚያሳየው እርሱ ነው። ሁለቱንም አቅርቡ፤ መደበኛ ልይይቱንም ጨምሩ። መቶኛ ስትጽፉ ከነህዳጉ ይሁን። ከ559 ቤተሰቦች 235ቱ የታሸገ ወተት የሚገዙ ከሆነ 42 በመቶ ነው፤ የጎረቤት መመሳሰሉ ሲታሰብ እውነቱ ከ37 እስከ 47 በመቶ ባለው ክልል ይገመታል። አስተዋይ ባለሀብት ማሽኑን የሚያዝዘው በ37ቱም ቢሆን እንደማይከስር አስልቶ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ለማጠቃለል ያህል፣ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ። በመጀመሪያ የምትወስኑትን ውሳኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቀጥሎ ለውሳኔው የሚያስፈልጉትን ተለዋዋጮች ዘርዝራችሁ ለእያንዳንዱ አምስቱን ጥያቄዎች መልሱ። ከዚያ በትንሽ የሙከራ ጥናት መጠይቁን ፈትኑ፤ መለያየቱንም ገምቱ። አሁን ናሙናውን አስሉ፤ ለንጽጽር፣ ለጎረቤት መመሳሰልና መልስ ለማይሰጡ ጨምሩ። በመጨረሻ በዕጣ ምረጡ፤ ያገኛችሁትንም ከነህዳጉ ግለጹ።

የዛሬው የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። በአካባቢያችሁ የሚሸጥ አንድ ምርት ምረጡ፤ በርበሬ፣ ጫማ ወይም የሞባይል ካርድ ሊሆን ይችላል። አምስት ተለዋዋጮች ጻፉለት፤ የመለኪያቸውንም ዓይነት ለዩ። ከዚያ 20 በመቶ ያህሉ ሰው ይገዛዋል ብላችሁ በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ ህዳግ ናሙናውን አስሉ። መልሳችሁ 246 ከሆነ ስሌቱን በሚገባ ይዛችሁታል።

አደራ የምንላችሁ አንድ ነገር ነው። ፕሮፖዛል ስትጽፉ "የናሙናው መጠን 384 ነው" ከሚለው መስመር በፊት የተለዋዋጮቻችሁን ዝርዝር አስቀምጡ፤ አማካሪዎችና መምህራንም ተማሪዎቻችሁን ያንኑ ዝርዝር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሰዎች ጊዜያቸውን ሰጥተው፣ የቤታቸውን ነገር አምነው ይነግሩናል፤ የነገሩን ነገር በትክክል መለካትና በትክክል መዘገብ ግዴታችን ነው። ለዛሬ በዚሁ እናበቃለን። ሰላም ሁኑ!

(የመዝጊያ ሙዚቃ)